ሽማግሌዎቹን ሙዚየም ያዞርኩ ዕለት

የልጅቷ አባት ሽማግሌዎቼን የቀጠሩት ለዘጠኝ ሰዓት ነበር። ከአዳማ አዲስ አበባ በፈጣን መንገዱ ረፋድ ላይ ተነስቶ፣ ምሳ በልቶ፣ ትንሽ አረፍ ብሎም ይደረሳል። ይህን ለሦስቱም ሽማግሌዎች አንድ በአንድ አስረዳሁ። አስተማሪ ነኝ፤ ማስረዳት ይቀናኛል። በትዕግሥት ሰሙኝና ስጨርስ ጎህ ሲቀድ እንውጣ አሉ። «ልጅ ሊጠይቅ የሄደ ሰው ዘገየ ከሚባል ደጃፉ ላይ ቢያድር ይሻለዋል» ብለው ነገሩን የዘጉት የወንጂው ሽማግሌ ናቸው።

ማን ማን እንደነበሩ ከመጀመሪያው ላስቀምጥ። የወንጂው ሽማግሌ ከአባቴ ጋር በስኳር ፋብሪካ አብረው ያረጁ ናቸው። ሰውነታቸው ትልቅ፣ ጉልበታቸው በሽተኛ፣ አንደበታቸው ግን ማር ስለሆነ ዋና ተናጋሪ ተደርገው የተመረጡት እሳቸው ነበሩ። ሁለተኛው የቤተሰባችን የነፍስ አባት፣ ከጾም ብዛት የቀጠኑ ቄስ ናቸው። ሦስተኛው የቆቃው ሽማግሌ ናቸው፤ ከሐይቁ ዳር ሽንኩርት ያለማሉ፣ አባቴም ጡረታ ከወጣ ወዲህ የእርሻ ሸሪካቸው ነው። አራተኛው እኔ ነበርኩ፤ ግን መቆጠር አልነበረብኝም። በወጉ የሚያገባው ልጅ ሽማግሌ ይልካል እንጂ ከሽማግሌ ጋር አይሄድም። የሄድኩት መኪና የሚነዳ ሰው ስለታጣ ነው። መኪናዋ የእህቴ ባል ናት፤ እሱ ደግሞ ያን ቀን ሞጆ ደረቅ ወደብ ሥራ ላይ ነበር።

«አንተ ዛሬ ሾፌር ነህ» አሉኝ የወንጂው ሽማግሌ ከፊት ወንበር እየተመቻቹ። «ከሾፌርነት ሌላ ምንም አይደለህም። ማንም ቢጠይቅህ እኛን አታውቀንም።»

ልጅቷ አዳማ እኔ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ሒሳብ ታስተምራለች። አባቷ ፈረንሳይ ለጋሲዮን የሚኖሩ ጡረተኛ ዳኛ ናቸው። ለእሳቸው ከደብረ ዘይት በታች ያለው አገር ሁሉ ቆላ ነው፣ ቆላ ደግሞ ወባ ነው፤ ልጃቸው አዳማ መመደቧን ራሱ እስከዚያ ቀን ድረስ እንደ ጊዜያዊ ቅጣት ነበር የሚያዩት። ከእኔ በፊት ሌላ ሰው የላካቸውን ሽማግሌዎች ሻይ እንኳ ሳይሉ ሸኝተዋል። «አባቴ አንዴ እምቢ ካለ ይግባኝ የለውም» ብላኛለች። እንዲህ ያለች የአባቷን ቃል የማትሽር ልጅ ናት። እምቢ ካሉ እሷም ትቀራለች፣ የሁለታችንም ነገር እዚያው ያበቃል።

ከተማ የደረስነው ሰው ገና ቁርሱን ሳይጨርስ ነው። ነጭ ጋቢ የደረቡ ሦስት ሽማግሌዎች እስከ ዘጠኝ ሰዓት የት ይቀመጣሉ? ዘመድ ቤት እንዳንሄድ ነገሩ ገና ስለሆነ አይነገርም። ካፌ እንዳንገባ አንድ ሻይ ይዞ ስንት ጊዜ ይቆያል? እኔ ግን ይህን አስቀድሜ አስቤበት ነበር። አራት ኪሎ ላይ መኪናዋን ጥግ አስያዝኩና ዞሬ ዕቅዴን ነገርኳቸው።

«እዚህ መንገድ ላይ ሦስት ሙዚየሞች አሉ» አልኩ። «ከታች ስንጀምር የእንስሳቱ። ከፍ ሲል የድንቅነሽ አጽም ያለበት። ከላይ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ደግሞ ድሮ ቤተ መንግሥት የነበረው። ለአንዱ በቂ ጊዜ አለን። አንዱን ተረጋግተን እናያለን፣ ምሳ እንበላለን፣ ከዚያ ታርፋላችሁ። እናንተ ምረጡ።»



«እኔማ እናንተ ያላችሁት ይሁን» አሉ የወንጂው ሽማግሌ።

«ኧረ የለም፣ ትልቁ እርስዎ ኖት» አሉ ቄሱ ከኋላ።

«አባ እያሉ እኔ ልምረጥ? ምነው ነውር አስተማሩኝ።»

«እኔ ምን አውቅና። እኚህ ወንድማችን ይምረጡ።»

የቆቃው ሽማግሌ በመስኮት ሲያዩ ቆይተው ወደ እኔ ዘንበል አሉ። «ኢልማ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ሆይ ማለታቸው ነው። «መኪናዋን በደንብ አቁማት። እነዚህ ሰዎች እስከ ዘጠኝ ሰዓት እዚሁ ሲገባበዙ ይውላሉ።»

ክፍል ውስጥ ተማሪዎች እንዲህ ሲያደርጉብኝ የምጠቀምበት ዘዴ አለኝ። ቡድኑን አልጠይቅም፣ አንድ በአንድ እጠይቃለሁ። «መምረጡን ተዉት» አልኩ። «እያንዳንዳችሁ ብቻችሁን ብትሆኑ የቱን ታዩ ነበር?»

አሁን ሳስበው የዚያ ቀን ድካም የጀመረው ከዚች ጥያቄ ነው።

የወንጂው ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ብቻዬን ብሆንማ እሷን። አሮጊቷን። የአዋሽ ልጅ አይደለችም? እኛ ቆቃ ላይ ገድበን፣ ወንጂ ላይ ሸንኮራ አጠጥተን፣ መተሐራ ላይ ደግመን አጠጥተን የለቀቅነውን ውሃ አይደል ወርዳ አገሯ ላይ የጠጣችው? ጎረቤት ናት። አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ ጎረቤትን ሳይጠይቁ መመለስ ደግ አይደለም።»

«ያኔ ግድቡ አልነበረም» ብዬ ማስረዳት ጀምሬ ነበር፤ ማንም አልሰማኝም።

«እኔ እሷ ጋ አልገባም» አሉ ቄሱ በእርጋታ። «የሞተ ሰው አጽም አፈር ይለብሳል እንጂ መስታወት ውስጥ ተጋድሞ አይታይም። እናንተ ግቡ፣ እኔ በር ላይ እቆያለሁ። ብቻዬን ብሆን ቤተ መንግሥቱን አይ ነበር፤ የጥንት መስቀሎችና ሥዕሎች አሉት ሲሉ እሰማለሁ። ግን ለእኔ ብላችሁ አይደለም።»

«እኔ የሞተ ጉማሬ» አሉ የቆቃው ሽማግሌ።

ሁላችንም ዞርን።

«ምነው? በየሌሊቱ ከሐይቁ እየወጣ ሽንኩርቴን የሚረግጠው እሱ አይደል። ጮኼበታለሁ፣ ቆርቆሮ መትቼበታለሁ፣ እሳት አንድጄበታለሁ። አንድ ቀን እንኳ ሞቶ፣ ቆሞ፣ ዝም ብሎ ባየው ደስ ይለኛል።»

ሦስቱም የልባቸውን ተናገሩ። ከዚያ በኋላ መምረጥ አልተቻለም። ለምን እንዳልተቻለ ላስረዳ። የእነዚህ ሰዎች የዕድሜ ልክ ሥራ ተጣልተው የመጡ ሰዎችን ማንም ሳይሸነፍ ማስማማት ነው። የድንበር ጠብ ቢመጣ ችካሉን መሃል ላይ ይተክላሉ፤ የውርስ ጠብ ቢመጣ ለሁሉም ያካፍላሉ። አንዱን ደስ አሰኝቶ ሌላውን ማስከፋት እነሱ ዘንድ ፍርድ አይባልም። የወንጂው ሽማግሌ ለአፍታ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አንድ ትልቅ ጉዳይ እንደተያዘ ሁሉ ብይን ሰጡ።

«የሁላችንም ይታይ» አሉ።

«ሦስቱም? አባባ፣ ጉልበትዎ...»

«አባ የተመኙትን ሳያዩ እኔ የተመኘሁትን አይቼ ልመለስ? እሳቸውስ ጉማሬያቸውን ሳያዩ? ንዳ።»

መንዳት እንኳ አልተቻለም፤ ከዚያ በላይ መኪና የምናቆምበት ቦታ ስላላገኘን በእግር ዞርን።

የእንስሳቱ ሙዚየም ውስጥ ሙሉ ጉማሬ አልነበረም። የቆቃው ሽማግሌ ክፍሉን ሁሉ ፈልገው አጡት። እንዳይከፋቸው አንበሳው ፊት አቁሜያቸው እንስሳት ቆዳቸው ተገፍፎ እንዴት እንደሚደርቅና እንደሚሞላ አስረዳኋቸው።

«አሁን ይኼ ሆዱ ውስጥ ምንድን ነው ያለው?»

«ድሮ ድሮ ጭድና የመሳሰለው ነው የሚሞላው።»

«አንበሳ ጭድ በልቶ ሞተ በለኛ!» አሉና ወደ ሌሎቹ ዞሩ። «ድርቁ ያልገባበት የማን ቤት አለ!»

የወንጂው ሽማግሌ እየሳቁ ግድግዳውን ተደገፉ። መደገፋቸውን አይቻለሁ። ግን ገና የወፎቹ ክፍል ነበር፣ ስለ ወፎቹም የማውቀው ብዙ ነበረኝ።

ከዚያ ዳገቱን ወጣን። ፀሐዩ ጠንከር ብሎ ነበር። አዳማ እንዲህ ያለ ፀሐይ ብርቅ አይደለም፤ አዳማ ግን ዳገት አይወጣም፣ አየሩም አይሳሳም። ቄሱ ብቻ ጥላቸውን ዘርግተው ከፊት ከፊት ይሄዱ ነበር። አጽሟ ያለው ከሕንፃው ታችኛው ወለል ላይ ስለሆነ ደረጃ መውረድ ነበረብን። እኔ ፊቴን ወደ ወንጂው ሽማግሌ አዙሬ ወደ ኋላ እየወረድኩ፣ ሁለት እጃቸውን ይዤ፣ አጽሟ እንዴት እንደተገኘ ነገርኳቸው። ቄሱ እንዳሉት በር ላይ ቀሩ።

መስታወቱ ፊት ስንደርስ የወንጂው ሽማግሌ ጋቢያቸውን ሰብስበው ጎንበስ አሉ።

«ትንሽ ናት» አሉ በመጨረሻ።

«ትንሽ ናት። ግን በሁለት እግሯ ቆማ ትሄድ ነበር። ይህ የሚታወቀው ከዳሌዋና ከጉልበቷ አጥንት አቀማመጥ ነው» ብዬ ጀመርኩ። ይህ በጣም የምወደው ትምህርት ነው፤ ረዘም አድርጌ ነበር የማስረዳው።

«ጉልበቷን ያማት ነበር?»

«እሱ አይታወቅም።»

«በሁለት እግሯ ከቆመች ሳያማት አይቀርም» አሉና የራሳቸውን ጉልበት አሹ።

በዚህ መሃል ከኋላችን የጥላ ዘንግ ደረጃውን ሲመታ ሰማን። ቄሱ ናቸው። ጓደኛን ትቶ ደጅ መቆም ከባድ ሆኖባቸው ወርደዋል፤ ዓይናቸውን ግን መሬት ላይ ተክለዋል። አዘንኩላቸውና እዚያ መስታወት ውስጥ ያለችው ቅጂ እንደሆነች፣ እውነተኛው አጽም ሌላ ቦታ በጥንቃቄ እንደሚቀመጥ ነገርኳቸው።

«ቅጂ ናት?» ቀና አሉ። «እንዲያ ከሆነማ።» ከሁላችንም አልፈው መስታወቱ ጋ ተጠጉና ጥርሶቿን አንድ በአንድ መረመሩ።

ምሳውን በችኮላ በላን፤ የምግብ ቤቱ ወንበር ጀርባ የሌለው በርጩማ ነበር። ከምሳ በኋላ ነገሩ መልኩን ለወጠ። ማንም አይቀልድም፣ ማንም አይጠይቅም። የቆቃው ሽማግሌ ጫማቸውን ፈታ አደረጉ። እኔ ራሴ ድምፄ ሻክሮ ነበር። «ይበቃ ይሆን?» ስል ሁለቱም በአንድ ቃል «የአባስ?» አሉ። ቄሱ ደግሞ እነሱን ላለማስከፋት «እንግዲህ እናንተ ካላችሁ» አሉ። አሁን እንደሚገባኝ፣ በዚያ ሰዓት ከአራታችን ወደ ላይ መውጣት የሚፈልግ አንድም ሰው አልነበረም። ቄሱ እንኳ ቢጠየቁ ይተዉት ነበር፤ ነገር ግን የሌላውን ድርሻ የሚሰርዝ ሰው ጠፋ፤ ስለዚህ ሁላችንም ወጣን።

ሥዕሎቹና መስቀሎቹ ያሉት ከላይኛው ፎቅ ነው። ሌላ ደረጃ። በመንገዳችን የንጉሡን መኝታ ቤት አለፍን፤ የተነጠፈ አልጋ፣ የተዘረጋ ገመድ። በየክፍሉ የተቀረጸ፣ የተለበጠ፣ ጥንታዊ መቀመጫ ሞልቷል። የወንጂው ሽማግሌ ከአንዱ ባለመደገፊያ ወንበር ፊት ቆሙና ገመዱን ከፍ ሲያደርጉ ጥበቃው ሮጦ መጣ።

«አባባ! አባባ፣ አይቀመጡም!»

«ለትንሽ ነው ልጄ።»

«አይቻልም አባባ፣ ቅርስ ነው።»

ወደ እኔ ዞሩ። ላባቸው በጆሮ ግንዳቸው ይወርድ ነበር። «ሙዚየም ማለት ገባኝ» አሉ። «ወንበር ሞልቶ መቀመጥ የማይቻልበት ቤት ነው።»

ቄሱ ላይ ፎቅ እያንዳንዱ መስቀል ፊት ቆሙ፣ ተሳለሙ፣ ወደሚቀጥለው አለፉ። እሳቸውን ማቻኮል አይቻልም፤ ያ ጸሎት ነበር። ሲጨርሱ ሰዓቱ ስምንት ተኩል አልፏል። ለዕረፍት ያስቀመጥኩት ጊዜ ሁሉ ደረጃና ዳገት በልቶታል። እየተደጋገፍን ወደ መኪናዋ ወረድን፣ ቀጥታም ፈረንሳይ ለጋሲዮን ሄድን።

የዳኛው ግቢ ዳገት ላይ ነው። መኪናዋ እንዳትታይ ከታች ጥግ ላይ ቆምኩ። የወንጂው ሽማግሌ ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ ሦስቱም አቀበቱን ወጡ፤ ከዚያ በሩ ተከፈተና ዋጣቸው።

እኔ ለምን እንደተጨነቅኩ እንዲገባ አንድ ወግ መናገር አለብኝ። ለጋብቻ የሄደ ሽማግሌ ገብቶ አይቀመጥም። ባለቤቱ ተቀመጡ ቢልም «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ይላል፤ ይህን የሚለውም ዋናው ተናጋሪ ነው። መቆማቸው ነው ልመናቸው። ባለቤቱ ያከበራቸው እንደሆነ ቆመው እንዳይሰቃዩ ሲል ይሰማቸዋል። የእኔ ዋና ተናጋሪ ግን መቆም እንኳ የተሳናቸው ሰው ነበሩ፤ ያን ሁሉ ያዞርኳቸውም እኔ ነበርኩ።

ልጅቷ ጋ ደወልኩ። አላነሳችም፤ እንደማታነሳም አውቅ ነበር፣ ጓዳ ከእናቷ ጋር ናት። መሪውን ይዤ በሩን ስመለከት ቆየሁ። ቶሎ ከወጡ እምቢ ተብለዋል ብዬ አሰብኩ። ከዘገዩ ደግሞ ክርክር አለ ማለት ነው። በመሃል የሚወጡበት ሰዓትም ምን ማለት እንደሆነ ግራ ገባኝ።

ሲወጡ ፀሐዩ ዘንበል ብሏል። የወንጂው ሽማግሌ መሃል ሆነው ሁለቱን ተደግፈዋል። ፊታቸውን ለማንበብ ሞከርኩ፤ ፊታቸው ላይ ድካም እንጂ ሌላ ነገር አልተጻፈም። ገቡ። በሩ ተዘጋ። ሙሽራው ወሬ የሚሰማው ከሽማግሌዎቹ ሳይሆን ከአባቱ ነው፤ እነሱ ቤት ደርሰው በወጉ ለአባት ይናገራሉ፣ አባት ለልጁ። ይህን አውቃለሁ። ቢሆንም አንድ ቃል፣ አንድ ፈገግታ ጠበቅኩ።

«ንዳ» አሉ የወንጂው ሽማግሌ።

ከከተማ ሳንወጣ ሦስቱም ተኙ።

በፈጣን መንገዱ ላይ የሦስት ሽማግሌዎች ማንኮራፋት እየሰማሁ ስነዳ የምመረምረው ምልክት አጣሁ። ምግብ በልተው ከሆነ ተቀባይነት አግኝተዋል ማለት ነው፤ ለእምቢታ ማዕድ አይቀርብም። በመስታወቱ የቄሱን ጢም አየሁ፤ የእንጀራ ፍርፋሪ ፈለግኩ። የለም። ግን ቄሱ ከበሉ በኋላ ሁልጊዜ ጢማቸውን ይጠርጋሉ። የቆቃው ሽማግሌ እጅ ወጥ ወጥ ይሸት እንደሆነ ለማሽተት ወደ ኋላ ብዞር መንገድ ልስት ነበር። ደብረ ዘይትን አለፍን። አንድ ሰው በእንቅልፍ ልቡ «እሺ፣ እሺ» አለ፤ ድምፁ የማን እንደሆነና ለምን እንደሆነ አላወቅኩም።

ሞጆ መውጫ ላይ ስንደርስ የወንጂው ሽማግሌ ነቁ። ሽንት ያዛቸው። የኮንቴነር መኪኖች ከተሰለፉበት አጠገብ አንዲት ሻይ ቤት ቆምን፤ ሦስቱም ወረዱ፣ ተመልሰው የፕላስቲክ ወንበር ላይ ዘፍ ዘፍ አሉ። ሻይ አዘዝኩ። መቀመጥ አልቻልኩም።

«ምነው ፊትህ እንዲህ ሆነ?» አሉኝ የወንጂው ሽማግሌ።

«አባባ... ምን አሉ?»

እርስ በርስ ተያዩ። «አልነገርነውም እንዴ?» አሉ የቆቃው ሽማግሌ።

«ለአባቱ ነው የሚነገረው» አሉ ቄሱ።

«ኧረ አባ፣ ልጁ ሞጆ ላይ ሊሞትብን ነው። ማሎ፣ እባካችሁ፣ ይነገረው።»

የወንጂው ሽማግሌ ሻያቸውን አማሰሉ። «ይነገረው። ግን ጠዋት ከአንበሳው ጀምሮ በቅደም ተከተል ስታስረዳን አልዋልክም? እኔም በቅደም ተከተል ነው የምነግርህ። ቁም።»

ቆሜ ነበር።

«ገባን። ሦስታችንም ቆምን። አባ ባረኩ። ዳኛው ተቀመጡ አሉን። አሁን አንቀመጥም ማለት የእኔ ፋንታ ነው። አፌን ከፈትኩ፤ ጉልበቴ ቀደመኝ።»

«ዘጭ!» አሉ የቆቃው ሽማግሌ። «ሶፋው ራሱ ጮኸ። እኔና አባ እንደ አጥር እንጨት ተተክለን ቀረን።»

«ዳኛው አዩኝ። 'ምነው፣ ሁለት ቆመው አንድ ተቀመጡ፤ ጉዳያችሁ አንድ አይደለም እንዴ?' አሉ። 'ጉዳያችን አንድ ነው ጌታዬ፣ ጉልበታችን ነው የተለያየው' አልኳቸው። 'በመኪና አይደል የመጣችሁት?' አሉ። እንግዲህ አባ አጠገቤ ቆመው ልዋሽ ነው? ልጁ ሙዚየም ሲያዞረን ዋለ አልኳቸው።»

«ነገሯቸው?»

«ሦስቱንም። ስለ ጉማሬውም።»

ጭንቅላቴን ያዝኩ። «እኔ እዚያው መሆኔን አወቁ ማለት ነው።»

«ሾፌር ነው ብለናል» አሉ ቄሱ። «እውነት ነው።»

«ከዚያ ዳኛው ክርናቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ወደ እኔ ተጠጉ» ሲሉ ቀጠሉ የወንጂው ሽማግሌ፤ ድምፃቸው አሁን ቀዝቅዟል። «'ከሦስት ሙዚየም አንዱን መምረጥ ያቃታችሁ ሰዎች ለልጄ ባል መርጣችሁ መጣችሁ?' አሉ። ስንት ሳምንት ያጠናሁት ንግግር ነበረኝ። ግን ደክሞኝ ስለነበር ያለውን ነገርኳቸው። 'እኛ አልመረጥንም' አልኩ። 'የመረጠችው ልጅዎ ናት። የእኛ ሥራ ቆሞ መለመን ነበር፤ እሱንም እኔ አልቻልኩም።'»

ከኋላችን አንድ ተሳቢ መኪና ጡሩምባውን ነፋ። ማንም አልዞረም።

«እሺ፣ ከዚያስ?»

«ከዚያ ልጁ ምን ዓይነት ሰው ነው አሉ። አባን ነው የጠየቁት።»

ቄሱ ብርጭቆአቸውን አስቀመጡ። «ብዙ ያወራል አልኩ። ምን ልበል? አጥንት ካየ ስብከት ነው፣ ወፍ ካየ ስብከት ነው።»

«አባ!»

«እኔም ጨመርኩበት» አሉ የቆቃው ሽማግሌ። «ደረጃ ላይ እኚህን ሰው ሲያወርድ ወደ ኋላ እየሄደ፣ እጃቸውን ይዞ ነበር አልኩ። 'ወደ ኋላ?' አሉ። 'ወደ ኋላ። አፉ ግን አላረፈም' አልኳቸው። ሳቁ።»

«አልሳቁም» አሉ ቄሱ።

«ሳቁ አባ፣ እርስዎ መሬት መሬት ሲያዩ ነው።»

«ልጅቷን ጠሯት» አሉ የወንጂው ሽማግሌ። «ይህ በወጉ የለም፤ ግን ዳኛ ናቸው፣ ምስክር መስማት ለምደዋል። 'ወባውን አትፈሪም?' አሏት። 'እስካሁን የያዘኝ ሙቀቱ ብቻ ነው አባዬ' አለች። ቀና ብላ ነው ያለችው። ዳኛው ዝም አሉ። ዝም አሉ፣ ዝም አሉ። እኔ በዚህ መሃል ዓይኔ ተከድኗል መሰለኝ።»

«ተከድኗል» አሉ የቆቃው ሽማግሌ። «በክርኔ ነው የቀሰቀስኳቸው።»

«ስነቃ እንዲህ ሲሉ ሰማሁ፦ 'በወጉ ቢሆን ዘመድ ላማክር፣ ሂዱና ተመለሱ ነበር የምለው። እኚህን ሰው ግን ሁለተኛ ይህን ዳገት አላስወጣቸውም። ልጄን ሰጥቻለሁ። እናንተም ተቀመጡ።'»

ያን ጊዜ ነው እኔ ወንበር ስቤ የተቀመጥኩት። እስከዚያ ድረስ በዚህ ቃል እዘላለሁ፣ እጮሃለሁ ብዬ አስብ ነበር። አልዘለልኩም። ከጠዋት ጀምሮ የያዝኩት ነገር ሁሉ ከትከሻዬ ወረደና ልክ እንደ ሦስቱ ወንበሩ ላይ ፈሰስኩ። ሻዩን ጠጣሁ፣ ቀዝቅዟል። ስልኬ ላይ የልጅቷ መልእክት ገብቶ አገኘሁት፦ «ለምን ዝም አልክ? አልነገሩህም?»

«እንዳትመልስላት» አሉ የወንጂው ሽማግሌ ከማየታቸው። «አንተ ምንም አልሰማህም። እኛ ለአባትህ እስክንናገር ሾፌር ነህ።»

ከሞጆ አዳማ ያለውን መንገድ እንዴት እንደነዳሁት አላስታውስም። የማስታውሰው ፊቴን ማስተካከል መሞከሬን ነው። ምንም ያልሰማ ሰው ፊት ምን እንደሚመስል ለማሰብ ሞከርኩ፤ ከንፈሬን ገጠምኩ፣ ግንባሬን አኮማተርኩ፣ በመስታወቱ ሳየው ጥርሱን የታመመ ሰው ሆንኩ። ከጎኔና ከኋላዬ ደግሞ ማንኮራፋቱ ጀመረ።

እናቴ በሩን ከፍታ ውጭ ቆማ ነበር። ለምን ያህል ጊዜ እንደቆመች አላውቅም። አባቴ ከውስጥ በሸሚዝ ላይ ኮት ደርቦ ወንበሮቹን አሰናድቶ ተቀምጧል፤ በወጉ ሽማግሌዎቹን የሚቀበለው እንደዚያ ነው። እናቴ ወደ መኪናዋ መስኮት ቀረበችና ፊቴን አየች።

«እነሱ ናቸው የሚናገሩት» አልኩ።

የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አደረገችና ዓይኗ ሞላ። ከዚያ አጎንብሳ ወደ መኪናዋ ውስጥ ተመለከተች። የቄሱ ጥምጣም መስኮቱ ላይ ተደግፏል፣ የቆቃው ሽማግሌ ጫማ ወልቋል፣ የወንጂው ሽማግሌ አፋቸውን ከፍተው ጣሪያ ያያሉ። አባቴ ከውስጥ ጉሮሮውን ጠራረገ፤ ዝግጁ ነኝ ማለቱ ነው።

«ኧረ ቶሎ ቀስቅሳቸው» አለችኝ በሹክሹክታ። «ፊትህን አይቼ እንዳልገባኝ እስከ መቼ ልሁን?»

ሞተሩን አጠፋሁና ሽማግሌዎቹን መቀስቀስ ጀመርኩ።